ያለ ማሞቂያ የሚኖሩ ኪሊፊሾች፦ የፍሎሪዳን ዓሦች በቤት ገንዳ ማኖርና ማርባት

ኪሊፊሽ የሚባለውን ትንሽ የደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ዓሣ ገዝቶ ወደ ቤቱ ያስገባ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርገው ማሞቂያ መክተት ነው። ውሃው ዓመቱን ሙሉ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቆማል። ዓሣው ለጥቂት ወራት ቀለሙ ይደምቃል፣ ይሯሯጣል፣ እንቁላልም ይጥላል። ከዚያ ሆዱ እየጎደለ፣ ክንፉን እየሰበሰበ ይሄድና ያለ ዕድሜው ይሞታል። በሽታ ነው ተብሎ መድኃኒት ይጨመራል፤ መድኃኒቱ ግን አይረዳም፣ ዓሣው ያለቀው ያለ ዕረፍት ስለኖረ ነውና። እነዚህን ዓሦች ማኖርና ማርባት በአብዛኛው ወቅቶችን የመመለስ ሥራ ነው፦ ሁለት ወር ያህል ብርድ፣ ቀጥሎ እየረዘመ የሚሄድ የብርሃን ሰዓት፣ ከዚያ በቂና ሥጋ ያለው ምግብ። ይህ ከተሟላ የቀረው አይከብድም።

ለጀማሪ የሚመቹት ሦስት ዝርያዎች ናቸው። የመጀመሪያው ፍላግፊሽ ነው፤ የሳይንስ ስሙ ጆርዳኔላ ፍሎሪዴ። የፍሎሪዳ ልሳነ ምድር ተወላጅ ነው፣ እስከ 6 ሴንቲሜትር ያድጋል፣ የወንዱ ጎን በቀይና በሰማያዊ አረንጓዴ መስመሮች የተሸለመ ነው። ሴቷ ገርጣ ያለች ናት፤ በጀርባ ክንፏ የኋላ ጫፍ ላይ ባለው ጥቁር ነጥብ ትለያለች። ክር የመሰለውን አልጌ ስለሚበላ ብዙዎች ለጽዳት ብለው ይገዙታል፤ ጠብ ወዳድ መሆኑን የሚያውቁት ግን የሌሎቹ ዓሦች ክንፍ ተቀዳዶ ሲያዩ ነው። ሁለተኛው ብሉፊን፣ ሉካኒያ ጉዴይ፣ ከ4 እስከ 5 ሴንቲሜትር የሚደርስ ቀጭንና ሰላማዊ ዓሣ ነው። ከአፉ እስከ ጅራቱ ጥቁር መስመር አለው፤ የወንዱ የሆድ ሥር ክንፍ እንደየመጣበት ውሃ ቀይ፣ ቢጫ ወይም ሰማያዊ ይሆናል። ጥርት ባሉት የፍሎሪዳ ምንጮች ቀይና ቢጫው ይበዛል፣ ቅጠል ባጠቆረው የረግረግ ውሃ ደግሞ ሰማያዊው። ሦስተኛው ጎልደን ቶፕሚኖው፣ ፈንዱለስ ክሪሶተስ፣ 7 ሴንቲሜትር ያህል ሆኖ ከውሃው ወለል ሥር የሚያደን፣ ወርቃማ ነጠብጣብ ያለው ዓሣ ነው። ወንዱ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ይጨመራል፤ መላ አካሉ በጥቁር የተረጨ ወንድም ያጋጥማል።

ፒግሚ ኪሊፊሽ የምትባለው ሌፕቶሉካኒያ ኦማታ ከ3 ሴንቲሜትር አትበልጥም። በጣም ታምራለች፤ ነገር ግን ማዕድን ያነሰበትና አሲዳማ ውሃ ስለምትፈልግ ከዚህ በታች የሚሰጡት የውሃ ምክሮች ለእሷ አይሠሩም። ለሌላ ጊዜ ትቆይ።

ዓሣውን ከታወቀ አርቢ ወይም ከኪሊፊሽ ማኅበራት አባላት መውሰድ ይሻላል፤ የአሜሪካ ኪሊፊሽ ማኅበር አባላት ዓሣም እንቁላልም ይለዋወጣሉ። ከወንዝ ለመያዝ የሚፈልግ አስቀድሞ የግዛቱን የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ሕግ ይጠይቅ፤ ፈቃዱም የሚያዘው ዝርያም ከግዛት ግዛት ይለያያል። በተለይ በምዕራብ አሜሪካ በረሃ ያሉት ፐፕፊሽ የሚባሉት የኪሊፊሽ ወገኖች ብዙዎቹ በሕግ የተጠበቁ ናቸው። የዴቪልስ ሆሉ ፐፕፊሽ በኔቫዳ አንድ የዋሻ ኩሬ ውስጥ ብቻ የሚኖር ሲሆን፣ የኩሬው ውሃ እንዳይጎድል የተደረገው ክርክር እ.ኤ.አ. በ1976 እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። እኛም ዘንድ የዚህ ወገን ዓሣ አለ፦ በአፋር፣ በጨዋማው አፍዴራ ሐይቅ የሚኖረውና እ.ኤ.አ. በ2001 በሳይንስ የተገለጸው የአፋኒየስ ዝርያ የኪሊፊሾች ዘመድ ነው። እንዲህ ባለ አንድ ቦታ ብቻ የሚገኝ ዓሣ ባለበት ይቆይ።

ገንዳና ውሃ

ለአንድ ወንድና ለሦስት ሴት ፍላግፊሽ 75 ሊትር፣ ለስምንት ብሉፊን ወይም ለአንድ ወንድና ለሁለት ሴት ቶፕሚኖው 60 ሊትር ይበቃል። ከቁመቱ ይልቅ ርዝመቱን እዩ፤ የተባረረች ሴት የምትሸሽበት ቦታ የሚገኘው በርዝመት ነው። አሸዋ 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር፣ በአየር ፓምፕ የሚሠራ የስፖንጅ ማጣሪያ፣ የገንዳውን ግማሽ የሚሞሉ ጃቫ ሞስና ሆርንዎርት የሚባሉ የውሃ ተክሎች ይግቡ። በሞተር የሚስብ ማጣሪያ ጫጩት ይውጣል፣ ስፖንጅ ግን አይጎዳም፤ ጫጩቶቹም ስፖንጁ ላይ የሚበቅለውን ደቃቅ ነገር ይለቅማሉ። ክዳን ግዴታ ነው። ቶፕሚኖው ለአየር ጎማ በተተወችው ጠባብ ቀዳዳ ዘልሎ ይወጣል፤ ቀዳዳዋን በስፖንጅ ድፈኑ፣ ውሃውንም ከአፉ 5 ሴንቲሜትር አጉድሉት።

ዓሣ ከመግባቱ በፊት ማጣሪያው መብሰል፣ ማለትም ቆሻሻውን የሚያጠፉ ባክቴሪያዎች ሊበቅሉበት አለበት፤ ከቆሻሻ የሚመጡት መርዞች፣ አሞኒያና ናይትራይት፣ ዜሮ እስኪያሳዩ ድረስ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ከሌላ ጤነኛ ገንዳ የቆየ ስፖንጅ ከተገኘ ጊዜው በጣም ያጥራል።

ውሃው ማዕድን የበዛበት ቢሆን ይመርጣሉ፦ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከ7 እስከ 8.2፣ ጥንካሬው (የማዕድን መጠኑ) የጀርመን ዲግሪ በሚባለው መለኪያ ከ8 እስከ 15። የቧንቧችሁ ውሃ ለስላሳ ከሆነ አንድ ጭብጥ የተፈጨ ኮራል በመረብ ከረጢት አድርጋችሁ የአየር አረፋው አጠገብ አስቀምጡ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ፒኤች ሲጨምር አሞኒያ ይበልጥ መርዛማ ይሆናል፤ በ25 ዲግሪ ሙቀት ፒኤች 8 ያለው ውሃ ውስጥ መርዛማው የአሞኒያ ክፍል ፒኤች 7 ካለው አሥር እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ በእነዚህ ዓሦች ገንዳ ላይ «ትንሽ አሞኒያ» የሚባል ነገር የለም። በየሳምንቱ ከውሃው ከ25 እስከ 30 በመቶ ቀይሩ።

ብዙ የአሜሪካ ከተሞች ውሃቸውን የሚያክሙት የክሎሪንና የአሞኒያ ውህድ በሆነው በክሎራሚን ነው። ዋሽንግተን ዲሲም እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ እንደዚሁ ነው፤ በፀደይ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ወደ ተራ ክሎሪን ይመለሳል። ክሎሪን በባልዲ አድሮ ይተናል፣ ክሎራሚን ግን አይተንም። ሶዲየም ታዮሰልፌት የተባለው ርካሽ የውሃ ማከሚያ ክሎራሚንን ሲሰብር አሞኒያውን ነፃ ይለቀዋል፤ ስለዚህ አሞኒያንም የሚያስር ማከሚያ ግዙ፣ ልኩንም በሚቀየረው ውሃ መጠን አስሉ።

ብርዱን መስጠት

ሰዎች የሚዘሉት ክፍል ይህ ስለሆነ ረዘም አድርገን እንየው። ኅዳር መጨረሻ ወይም ታኅሣሥ ላይ ማሞቂያ ካለ ይነቀላል። ሙቀቱ በሁለት ቀን ከአንድ ዲግሪ በላይ እንዳይወርድ እየተከታተላችሁ ፍላግፊሽንና ቶፕሚኖውን ከ14 እስከ 17 ዲግሪ አድርሷቸው። ብሉፊን ብዙ ጊዜ ሙቀቱ እምብዛም ከማይለዋወጥ የምንጭ ውሃ ስለሚመጣ ከ16 እስከ 18 ይበቃዋል። ከ10 በታች አታውርዱ። ምድር ቤት፣ የማይቀዘቅዝ ጋራዥ፣ ወይም በመስኮት ሥር ያለ ወለል ጥሩ ቦታ ነው። አፓርታማው ማዕከላዊ ማሞቂያ ኖሮት ከ19 በታች አልወርድ ካለ እሱም ከምንም ይሻላል፤ መብራቱን ግን በጥብቅ አሳጥሩ።

በዚህ ጊዜ መብራት በቀን 9 ሰዓት ብቻ ይበራል፣ ምግብ በሁለት ቀን አንድ ጊዜ በትንሹ ይሰጣል። ዓሦቹ ይገረጣሉ፣ ዝቅ ብለው ይቆማሉ፤ ይህ ሕመም አይደለም። አብዝቶ መመገብ ግን እዚህ ላይ ይገድላል፦ በቀዝቃዛ ውሃ ምግብ በዓሣው ሆድ ውስጥ ቶሎ አይፈጭም፣ ማጣሪያው ላይ ያሉት ባክቴሪያዎችም ሥራቸው ስለሚቀንስ የተረፈው ምግብ አሞኒያ ሆኖ ይቆያል።

ከስምንት እስከ አሥር ሳምንት በኋላ ሁሉም ወደ ኋላ ይመለሳል። በየሁለት ቀኑ አንድ ዲግሪ፣ በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ተኩል ብርሃን እየጨመራችሁ ፍላግፊሽን ወደ 24፣ ሌሎቹን ወደ 22 ወይም 23 ዲግሪ፣ መብራቱንም ወደ 14 ሰዓት አምጡ። ለውጡ ከመፈጸሙ በፊት ወንዶቹ ቀለም ያወጣሉ፣ ቦታም መያዝ ይጀምራሉ።

በበጋ 28 እና 30 ዲግሪን ይችላሉ፤ አየሩን ግን አጠንክሩላቸው። በ18 ዲግሪ ሊትር ውሃ 9.5 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ በ28 የሚይዘው 7.8 ብቻ ነው፤ የዓሣው ፍላጎት ደግሞ በሙቀት ይጨምራል።

ለእንቁላል ማዘጋጀት

ወንድና ሴትን ከሰባት እስከ አሥር ቀን ለያይታችሁ በቀን ሁለት ጊዜ በደንብ መግቡ። ቀይ ትል፣ እንዲሁም ዳፍኒያና አርቴሚያ የሚባሉት ደቃቅ የውሃ ፍጥረታት በበረዶ ተቀምጠው ይሸጣሉ፤ በግቢ ባልዲ ላይ የሚፈላው የትንኝ እጭ ግን ከሁሉም ይበልጣል፣ ሴቶቹን በጥቂት ቀን ያሞላቸዋል። ፍላግፊሽ በሥጋ ብቻ አይኖርም። ስፓይሩሊና የተባለው አልጌ ያለበት ምግብ፣ በፈላ ውሃ የለሰለሰ ዝኩኒ ወይም ቆስጣ በሳምንት ሦስት ጊዜ ስጡት። አትክልት ያጣ ፍላግፊሽ የገንዳውን ለስላሳ ተክሎች ይቆራርጣል።

ብሉፊንና ቶፕሚኖው እንቁላላቸውን አንድ በአንድ ተክል ላይ ይለጥፋሉ፤ በተክል ፈንታ የሹራብ ክር ብትሰጧቸው ደስ ብሏቸው ይቀበላሉ፣ ለመልቀምም ይመቻል። ክሩ መቶ በመቶ አክሪሊክ ይሁን፤ ጥጥና ሱፍ ይበሰብሳሉ። ጥቁር አረንጓዴ ወይም ቡናማ ምረጡ፣ እንቁላሉ በደንብ ይታይበታል። 20 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው መጽሐፍ ላይ 50 ዙር ጠምጥሙ፣ በአንዱ ጠርዝ በኩል በጠንካራ ክር አጥብቃችሁ እሰሩ፣ በተቃራኒው በኩል በመቀስ ቁረጡ። 15 ደቂቃ ቀቅላችሁ ቀለም መልቀቁ እስኪያቆም እጠቡት። ከዚያ በጠርሙስ ቡሽ ላይ እሰሩትና ይንሳፈፍ። ለቶፕሚኖው ተንሳፋፊው ይበቃል፤ ለብሉፊን አንድ ተንሳፋፊ፣ አንድ ደግሞ በድንጋይ ታስሮ ወለሉ ላይ የተቀመጠ ያስፈልጋል።

በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ ክሩን አውጥታችሁ ቀስ ብላችሁ ጭመቁት፣ ለአምስት ደቂቃ ይንጠፍ። ከዚያ ብርሃን ፊት ለፊት ክር በክር ፈልጉ። የብሉፊን እንቁላል ከአንድ ሚሊሜትር ትንሽ ይበልጣል፣ የቶፕሚኖው ወደ ሁለት ይጠጋል፤ ጤነኛው እንደ መስታወት ዶቃ ጥርት ያለ ነው። በወረንጦ ሳይሆን በጣት ልቀሙ። የኪሊፊሽ እንቁላል ጠንካራ ስለሆነ በቀላል ጭነት አይፈርጥም፤ በጣት መካከል የሚፈርጠው ከመጀመሪያውም ያልዳበረ ነው። አንድ የብሉፊን ሴት በቀን የምትጥለው ጥቂት እንቁላል ስለሆነ፣ በአንድ ቀን መቶ አይጠበቅም፤ ለሁለት ሳምንት በትዕግሥት መልቀም ነው።

እንቁላሎቹን 3 ሴንቲሜትር የወላጆች ገንዳ ውሃ ባለበት ዝቅተኛ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አድርጉ። ሻጋታ የሚከላከለውን ሜቲሊን ብሉ የተባለ ቀለም ውሃው ፈዛዛ ሰማያዊ እስኪሆን ብቻ ጨምሩ፤ አንድ በመቶ ከሆነው ፈሳሽ ለሊትር ሁለት ጠብታ ይበቃል። ብርሃን ስለሚያፈርሰው ዕቃውን ጥላ ቦታ አስቀምጡ። በየቀኑ የነጡትን አውጡ፤ አንዱ የሻገተ ከተተወ ሻጋታው ወደ ጤነኞቹ ይሻገራል። ክዳኑ ላይ ዝርያውን፣ የመጣበትን ወንዝ ወይም ምንጭና ቀኑን ጻፉ። ከተለያየ ቦታ የመጡ ብሉፊኖችን ቀላቅሎ ማራባት ያንን የክንፍ ቀለም ልዩነት ያጠፋል፣ አንዴ ከጠፋም አይመለስም።

ከሳምንት በኋላ ሁለት ጥቁር ዓይን በእንቁላሉ ውስጥ ይታያል። ያኔ ግማሹን ውሃ ቀይራችሁ ሰማያዊውን አቅጥኑ። በ23 ዲግሪ የሁለቱም እንቁላል ከ10 እስከ 14 ቀን ውስጥ ይፈለፈላል። ዓይኑ ወርቃማ ክብ ይዞ፣ ውስጡ እየተገላበጠ፣ ግን አልፈለፈል ካለ እንቁላሎቹን በትንሽ ጠርሙስ አድርጋችሁ በጣት ጫፍ የተያዘ ደቃቅ ደረቅ ምግብ ጣሉበትና ክደኑት። ምግቡ ሲበሰብስ ኦክስጅን ይቀንሳል፤ የኦክስጅን ማነስ ለሽሉ የመውጫ ምልክቱ ነው። ለጥቂት ሰዓት አጠገቡ ሁናችሁ ተከታተሉ፣ እንደወጡ ወዲያው ወደ ንጹሕ ውሃ አዛውሯቸው።

ለአንድ የዝናብ ወቅት ብቻ ከሚኖሩት የአፍሪካ ኪሊፊሾች በተለየ የእነዚህ እንቁላል መድረቅ አያስፈልገውም። በእርጥብ ሞስ ተጠቅልሎ በፖስታ መላክን ይችላል፤ ያ ግን ለጉዞ ነው እንጂ ለመፈልፈል አይደለም። የዚህ ወገን እንቁላል ብርታት የታወቀ ነው፦ እንደ ቶፕሚኖው የፈንዱለስ ወገን የሆነው መሚቾግ እ.ኤ.አ. በ1973 ወደ ስካይላብ የሕዋ ጣቢያ በተላከ ጊዜ ከሁለት ዓሦች ጋር 50 እንቁላሎች አብረው ሄደው፣ አብዛኞቹ እዚያው ሕዋ ላይ ተፈልፍለዋል።

ፍላግፊሽ ሌላ ነው

የፍላግፊሽ ወንድ እንቁላል ይጠብቃል። ወለሉ አጠገብ ወይም በሞስ መካከል ቦታ ያጸዳል፣ ሴቶቹን አንድ በአንድ ያመጣል፣ ከዚያ በክንፉ እያራገበ ውሃ ያመላልሳል። ሴቷ በአንድ ጊዜ አትጨርስም፤ ለአንድ ሳምንትና ከዚያ በላይ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ትጥላለች። ችግሩ ያው ጠባቂ ሲረበሽ ወይም እንቁላሉ ጥቂት ሲሆን የራሱን እንቁላል መብላቱ ነው። ስለዚህ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ጥቅጥቅ ያለ ሞስ አስቀምጦ፣ በአራተኛው ቀን ሞሱን ከነእንቁላሉ ወደ ሌላ ገንዳ ማዛወርና አዲስ ሞስ መተካት ነው። ሁለተኛው ሴቶቹን አውጥቶ ወንዱን ብቻውን መተው ነው፤ ጫጩቶቹ መዋኘት ሲጀምሩ ወንዱም ይውጣ። ብዙ ዓሣ የሚያስገኘው የመጀመሪያው ነው፤ የወንዱን አጠባበቅ ማየት ለሚፈልግ ግን ሁለተኛው ይመረጣል። በ24 ወይም 25 ዲግሪ ከስድስት እስከ ስምንት ቀን ይፈለፈላል።

በዚህ ጊዜ ወንዱ ያልተዘጋጀችን ሴት እስከ ሞት ሊደበድብ ይችላል። አንዲት ሴት ጥግ ላይ ከውሃው ወለል ሥር ተጠግታ ቆማ ካያችሁ፣ ክንፏም ከተሰነጣጠቀ፣ የዚያኑ ቀን አውጧት። አንድ ወንድ ከአንድ ሴት ጋር ብቻ ማኖር የዚህ ሁሉ ዋና ምክንያት ነው።

ጫጩቶችን መመገብ

የፍላግፊሽና የቶፕሚኖው ጫጩቶች የአስኳላቸውን ትራፊ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ጨርሰው ወዲያው አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ ይበላሉ። ከብሉፊን ጠንካራዎቹ ይችሉታል፤ ትንንሾቹ ግን ለመጀመሪያው ሳምንት የአቼቶ ትል ያስፈልጋቸዋል። የአቼቶ ትሉን ከአንድ ወር አስቀድሙ፦ ግማሽ የአፕል አቼቶ፣ ግማሽ ውሃ፣ ጥቂት የአፕል ቁራጭና ከሌላ ሰው የተገኘ ዘር በአየር በሚያስገባ ጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጣል። ትሉ በንጹሕ ውሃ ውስጥ ለቀናት ስለሚኖር ውሃውን ቶሎ አያበላሽም።

አርቴሚያን ለመፈልፈል በተገለበጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ አንድ ሊትር ውሃ፣ 25 ግራም ጨውና ግማሽ የሻይ ማንኪያ የአርቴሚያ እንቁላል አድርጉ። አየሩ ከሥር በኃይል ይምጣ፣ መብራት ይብራ፣ ሙቀቱ ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ይሁን። በ24 ሰዓት ይደርሳል፤ ውሃው ከቀዘቀዘ 36 ሰዓት ይፈጃል። አየሩን አጥፍታችሁ አሥር ደቂቃ ጠብቁ፦ ቅርፊቱ ይንሳፈፋል፣ አርቴሚያው ከታች ይሰበሰባል። በቀጭን ጎማ ከሥር ስባችሁ በቡና ማጣሪያ ወረቀት እጠቡት። በቀን ሁለት ጊዜ፣ የጫጩቶቹ ሆድ ብርቱካናማ እስኪሆን ድረስ ብቻ ስጡ። ትኩስ መሆኑ ወሳኝ ነው፤ አርቴሚያ ከተፈለፈለ በኋላ የራሱን አስኳል እየጨረሰ ስለሚሄድ በማግስቱ ለጫጩቱ የሚሰጠው ጉልበት ይቀንሳል።

የሚያጋጥሙ ችግሮች

ጫጩቶች በሁለተኛው ሳምንት በድንገት ማለቅ ከጀመሩ አስቀድማችሁ ቬልቬት የሚባለውን የጥገኛ ተሕዋሲ በሽታ ጠርጥሩ። በጨለማ ክፍል የእጅ ባትሪ በጎን ስታበሩ ገላው ላይ ደቃቅ ወርቃማ አቧራ ይታያል፤ ዓሣው ክንፉን ሰብስቦ ይንቀጠቀጣል። ብዙ ጊዜ የሚነሣው የሞተ አርቴሚያ ወለሉ ላይ ከተከማቸበት ነው። ለሊትር 3 ግራም ጨው በሁለት ቀን ከፋፍላችሁ ጨምሩ፣ መብራቱን ለአንድ ሳምንት አጥፉ፣ ገንዳውንም በጨርቅ ሸፍኑ፤ ተሕዋሲው ከብርሃን ኃይል ስለሚያገኝ ጨለማው ያዳክመዋል። ሦስቱም ዝርያዎች ይህን ጨው በቀላሉ ይችላሉ፣ ሞሱ ግን ስለሚጎዳ አስቀድማችሁ አውጡት። መዳብ ያለበት መድኃኒት ለጫጩት አይሰጥ።

እንቁላሎቹ በብዛት ከነጡ ችግሩ ሻጋታ ሳይሆን አለመዳበር ሊሆን ይችላል፦ ወንዱ ገና ልጅ ነው፣ ወይም ክሩ በጣም ስለሳሳ ጥንዶቹ ተረብሸዋል፣ ወይም ብርዱ ተዘልሏል። ወንዱን መቀየር ፈጣኑ መፈተኛ ነው።

የተረፈ ዓሣ ወደ ወንዝ አይለቀቅ። በቴክሳስ ፔኮስ ወንዝ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የገባው ሺፕስሄድ ሚኖው የተባለ ዓሣ ከአገሩ የፔኮስ ፐፕፊሽ ጋር ተዳቅሎ ንጹሑን ዝርያ ከብዙው የወንዙ ክፍል አጥፍቶታል። ትርፉን ለማኅበር አባላት ስጡ።

ጫጩቶቹ አንድ ሴንቲሜትር ሲሆኑ የደቀቀ ደረቅ ምግብና ዳፍኒያ ጀምሩላቸው፣ በየሦስት ቀኑም ከውሃው ሩቡን ቀይሩ። በመጠን ለዩአቸው፤ በተለይ ቶፕሚኖው የሁለት ሳምንት ታናሹን ይውጣል። የፍላግፊሽ ወንዶች በሦስተኛው ወር ቀለም ማውጣት ሲጀምሩ ደካሞቹን ማሳደድ ይጀምራሉ። ያኔ ለዘር የሚቀሩትን ሁለት ወንድና ስድስት ሴት መርጣችሁ ለዩ፤ ወንዶቹን ስትመርጡ በጠቡ ያሸነፈውን ብቻ ሳይሆን ጀርባው ቀጥ ያለውንና በልቶ የሚወፍረውን እዩ።